ዳር ዳሩን የሚበላው ቴሌቪዥን

ክፍል የደገምኩት በዚያ ዓመት ነው። የቤታችን ቴሌቪዥንም ድራማ ማሳየቱን ትቶ ፊደል ማሳየት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። የልጅ ልብ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ቆሞ ካየ አንዱን የሌላው እናት ሳያደርግ አያርፍም። እኔም በእኔ ድንቁርና ግቢው በሙሉ ቴሌቪዥን አጣ ብዬ አመንኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል? ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ እንጂ።

እናንተ ልጆቼ ዛሬ በየኪሳችሁ ቴሌቪዥን ይዛችሁ ስለምትዞሩ ነገሩ ላይገባችሁ ይችላል። ያኔ በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበረው እኛ ቤት ብቻ ነው። ጀርባው የመውለጃዋ ወር እንደገባ ሴት ሆድ የተነፋ፣ ሲበራ የጋለ አቧራ የሚሸት ትልቅ ሣጥን ነበር። ምሽት ላይ ድራማው ሊጀምር ሲል ጎረቤቱ በርጩማውን እያንጠለጠለ ይመጣል። ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። እትዬ መርፌ የምንላት ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ከፊት ትቀመጥና የሰው ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ከተዋናዮቹ ጋር ትጣላለች። «ተው አንተ ከሃዲ! እሷ እኮ ታውቅብሃለች!» ትለዋለች ሰውየውን፣ የሚሰማት ይመስል። ቀውላላው የምንለው ልጇ ደፍ ላይ ተጋድሞ እግሩ ውጭ ያድራል። እናቴ ሻይ አድርሳ በመጨረሻ ትቀመጣለች። አባቴ ደግሞ ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን እያሸ።

አባቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበር። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ስህተቱን አንድ በአንድ የሚለቅም ሰው ማለት ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ጭልፊቱ ይሉት ነበር፤ ከላይ ሆኖ ጫጩት እንደሚያይ፣ ከገጽ መሃል የተሳሳተች ነጥብ አይቶ ያነሳል። አብሬው መንገድ ስሄድ አፍር ነበር። በየሱቁ ታፔላ ፊት እየቆመ ይጨቃጨቃላ! አንድ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩን፣ «አንተ የሰው ራስ ታስተካክላለህ፣ ታፔላህን ማን ያስተካክልልህ?» ብሎት፣ ሰውዬው ስቆ ስቆ ቀለም ቀቢ ጠርቶ ፊደሏን አስቀየራት።

ያን ዓመት ግን ከታፔላ ጋር መጣላቱን ተወ። ባለሱቆቹ በመጨረሻ መጻፍ የተማሩ መሰለኝ።

ከማተሚያ ቤቱ ለአባቴ ኮምፒውተር የመጣ ዕለት ያመጣው የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ በትከሻው ተሸክሞ፣ ገመዱ ከኋላው እንደ ጅራት እየተጎተተ። ሣጥኑን መሬት ላይ አሳርፎ ግራ ቀኙን አየ።

«ጋሼ፣ ማሳያው የታለ?»

«ይሄውልህ» አለ አባቴ ቴሌቪዥኑን ጭንቅላቱ ላይ መታ መታ እያደረገ።

«ይሄ? ይሄ እኮ የድራማ ነው!»

«ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ይልመድ።»

ጠጋኙ እየሳቀ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገባ። ከወዲያ አንድ ገመድ፣ ከወዲህ አንድ ገመድ፣ መሃል ላይ የሚያገናኛት ትንሽ ቁራጭ ነገር። ለመሰካትና ለመንቀል ብዙ ታገለ። በመጨረሻ የቴሌቪዥኑ መስተዋት ሰማያዊ ሆነና ፊደል ብቅ አለ።

«አሳድገው» አለ አባቴ።

«ይበቃል ጋሼ?»

«ጨምር።»

«አሁንስ?»

«ጨምር አልኩህ።»

«ኧረ ጋሼ! ይሄ እኮ ማዶ ሰፈር ድረስ ይነበባል! ለሕዝብ ሊለጥፉት ነው እንዴ?»

ፊደሎቹ የእኔን መዳፍ አከሉ። አንደኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የፊደል ገበታ መሰለኝ። ይሄ ለእኔ ነው የመጣው አልኩ። ሌላ ለማን ይሆናል? በዚህ ቤት ፊደል ያልለየው ማን ነው?

ጠጋኙ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ። «ቴሌቪዥን ዳር ዳሩን ይበላል። ከመስመሩ ጫፍ አንዳንድ ፊደል ሊጎድል ይችላል። መሃሉ ግን ሸጋ ነው።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ የፊደል መምቻ ሰሌዳውን በእጁ እየዳበሰ ነበር። «መሃሉ ከታየልኝ ምን እፈልጋለሁ» አለ።

እኔ ‹ይበላል› የሚለውን እንዳለ ነው የወሰድኩት። ሁሉም ዞር ሲሉ ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ ከአፉ የወደቀ ፊደል ፈለግኩ። ያገኘሁት አንድ ቁልፍና የደረቀች የእሳት ራት ነው።

«ምን ጠፋብሽ እዚያ?» አለች እናቴ።

«ፊደል።»

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ፊቷን ወደ ኩሽና አዞረች።

የዚያን ዕለት ምሽት እትዬ መርፌ በርጩማዋንና የምትሰፋውን ቀሚስ ይዛ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች። መስተዋቱ ላይ ያለውን ስታይ ቆመች።

«ውይ! ድራማው ወደ ትምህርት ተለወጠ እንዴ?»

«ይቅርታ እትዬ» አለ አባቴ። «ለትንሽ ጊዜ ነው። ታገሡን።»

እትዬ መርፌ አየችኝ። ክፍል መድገሜን ግቢው ሁሉ ያውቃል። «ለእሷ ነው? ደግ አደረግህ። ዛሬ ካልተቀጣች ነገ አትቀናም።»

እናቴ፣ «ኧረ አይደለም፣ እሱ እኮ…» ብላ ጀመረች።

አባቴ ቀደማት። «አዎ፣ ለእሷ ነው። ንባብ ላስይዛት ብዬ።»

ከእትዬ መርፌ ኋላ የመጡት ጎረቤቶች በርጩማቸውን እንዳንጠለጠሉ ተመለሱ። አንዱም ክፉ አልተናገረም። ቀውላላው ብቻ ደፉ ላይ ቆሞ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር። ሰው ባለበት ዕቃ ሰብሬ እንኳ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ለልጆች የሚሆን የንባብ መጽሐፍ ሊያትም ነው። ደራሲው በእጁ የጻፈውን ረቂቅ አንዲት ጸሐፊ በኮምፒውተር ትተይበዋለች፤ አባቴ ደግሞ የተተየበው ከረቂቁ ጋር መግጠሙን ያያል። የማሽኑ ጩኸት ራሴን አመመኝ ብሎ አለቃውን አስፈቅዶ ቤት ይሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት እናቴ ኩሽና ውስጥ ረቂቁን ታነብለታለች። እሱ ሻዩን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይሰማታል። ትሳሳት እንደሆነ መልሺልኝ ይላታል። እኔ ለትምህርት ቤት ጫማዬን እያሰርኩ በበሩ ቀዳዳ አያቸውና ‹እንዲህ የሚዋደድ ባልና ሚስት!› እል ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ተራው የእኔ ነው። ትንሿ በርጩማ ላይ ከቴሌቪዥኑ ፊት ያስቀምጠኛል፤ በጣም ከመቅረቤ የተነሣ መስተዋቱ የክንዴን ፀጉር ያቆመው ነበር። እሱ ከኋላዬ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል።

«ስሚኝ ሚጡ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «እኔ በቃሌ እላለሁ፣ አንቺ በጣትሽ እየተከተልሽ ታያለሽ። እኔ ያልኩትና አንቺ ያየሽው ካልገጠመ፣ ‹ቁም!› በይኝ።»

«አንተን?»

«አዎ እኔን።»

«አባት ‹ቁም› ይባላል እንዴ?»

«አራሚ ከሆንሽ ንጉሥም ‹ቁም› ይባላል። ደግሞ መገመት የለም። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ። ያላየሽውን እንዳትነግሪኝ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

የመጀመሪያዋን ‹ቁም› ያልኩት በሹክሹክታ ነው።

«የት ጋ?» አለ ወዲያው፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ጣቴን መስተዋቱ ላይ አሳረፍኩ። «አንተ ‹ወንዙ ሞላ› ነው ያልከው። እዚህ ‹ወንዙ ሞለ› ይላል።»

«ጎበዝ!»

ጣቶቹ ሰሌዳውን ሳያይ ያውቁታል፤ ሰው የራሱን ሸሚዝ ቁልፍ እንደሚያውቅ። እስከ የት ልሂድ፣ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ እያለ ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ፣ ፊደሏ ትጠፋለች፣ ሌላ ትተካለች። አንዳንዴ ያስቆመኝና፣ «ይሄኛው ‹ሀ› ምን ዓይነት ነው?» ይላል። «ባለ ሦስት እግሩ» እለዋለሁ። «ጎበዝ።»

ስህተቶቹን እሱ ራሱ እኔን ለመፈተን የተከላቸው ይመስለኝ ነበር። ከኋላዬ ሆኖ ሁሉን እያየ፣ ‹ይቺ ደንቆሮ ታገኘው ይሆን?› እያለ የሚታዘበኝ። ስለዚህ አንዲትም እንዳታመልጠኝ ዓይኔ እስኪያለቅስ አፈጥጣለሁ። አያችሁልኝ፤ በቤቱ ውስጥ ዓይኑ የሚያለቅስ ሁለት ሰው ነበር፤ እኔ የራሴን ብቻ ነው የማውቀው።

አንዳንድ መስመር ጫፉ ላይ ሲደርስ ግማሽ ፊደል ይዞ ይቀራል። የፊደሉ አንድ እግር ይታያል፣ የቀረው ቴሌቪዥኑ ሆድ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ጭራሽ አይታይም። አባቴ ሙሉውን ቃል ይላል፣ እኔ የማየው ጎዶሎውን ነው። ‹ቁም› ልበል? ያላየሽውን አትንገሪኝ ብሏል። ደግሞስ እሱ ከኋላዬ ተቀምጦ ይህን የሚያህል ፊደል እያየ ዝም ካለ፣ ልክ ነው ማለት ነዋ። እሱም፣ ብዙ ቆይቶ እንደገባኝ፣ ‹ልጅቷ ዝም ካለች ልክ ነው› እያለ ያልፍ ነበር። እኔ በእሱ፣ እሱ በእኔ ተማምነን፣ ገጽ በገጽ ጨረስን።

ውጭ መከራዬ ሌላ ነው። መስኮታችን ሥር ድንጋይ ነበረች፤ ድራማ ያጡ ልጆች እዚያ ላይ ተንጠልጥለው አዲስ ድራማ አገኙ። እኔ «ቁም!» ስል እነሱ፣ «ቁም! ተራመድ! ቀኝ ኋላ ዙር!» እያሉ ግቢውን በሰልፍ ይዞሩታል።

«አባቷን እያሰለፈች ነው!» ይላል ቀውላላው።

«መስኮቱን ልዝጋው አባዬ?»

«ተያቸው። ሲደክማቸው ይተዉታል።»

አልደከማቸውም። ውሃ ልቀዳ ስወጣ አንዷ ልጅ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ክፋት የላትም፤ ከልቧ ነው የለመነችኝ። «እባክሽ ቶሎ ፊደል ልዪ። ሙሽራዋ አግብታ እንደሆነ እንኳ አላወቅንም።»

«ልለይ ነው» አልኳት። «ትንሽ ቀርቶኛል።» ባልዲውን ሳልሞላ ተመለስኩ።

አንድ ቀን እግሬን ታጥቤ ስገባ ከኩሽና ድምፃቸውን ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«እስከ መቼ ነው የምንደብቀው?» ትላለች እናቴ። «ሰው ማወቁ ይቀራል?»

«መጽሐፉ ይውጣና።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ እንጃ።»

«እኔን ምኑ ያሳፍረኛል? የምታፍረው አንተ ነህ። ግን በልጅቷ መሸፈንህ ደስ አላለኝም። ልጅ እኮ ናት። በር ላይ ይሳለቁባታል።»

«እኔስ ደስ ብሎኝ ነው?» አለ። የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ጠረጴዛውን ስቶ ወለሉ ላይ ተሰበረ።

«ተወው፣ እኔ አነሣዋለሁ፣ እጅህን እንዳትቆርጥ» አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

እኔ እርጥብ እግሬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። የሚደበቀው ነገር እኔ ነኝ። አባቴ በእኔ አፍሮ ብርጭቆ እስኪጥል ደረሰ። መጽሐፉ ሳይወጣ ፊደል ካልለየሁ፣ አልኩ ለራሴ፣ ከዚህ ቤት እጠፋለሁ።

ይህን ንግግር እንደዚያው ይዤው አደግኩ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ እናቴ አርጅታ አንድ ቀን ክር በመርፌ እንዳስገባላት ሰጠችኝ። ክሩን በምራቄ አሹዬ ሳስገባው እያየችኝ፣ «አንቺ ድሮም ዓይን ነበረሽ» አለች። «አባትሽ እኮ ያኔ ፊትሽንም አጥርቶ አያይም ነበር። በኮቴሽ ነበር የሚለይሽ።»

«መቼ ያኔ?»

«በቴሌቪዥኑ ጊዜ ነዋ። ማተሚያ ቤቱ የራሱን ማሳያ እንስጥህ ብሎት ነበር። ትንሽ ናት፣ አትታየኝም እንዴት ይበል? ቤት ቴሌቪዥን አለኝ ብሎ መጣ። ፊደሉን ቢያሳድገው ቢያሳድገው አልሆን ሲለው አንቺን ከፊቱ አስቀመጠ።»

«ታዲያ ምነው አልነገራችሁኝ?»

«ለልጅ ምን ተብሎ ይነገራል?» ብላ መርፌዋን ተቀበለችኝ።

ወደዚያው ልመልሳችሁ። የመጨረሻው ገጽ ተጠናቀቀና ሥራው ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ። ለሌላ ሥራ ብሎ አባቴ ኮምፒውተሩን አልመለሰም። እኔ በዚያን ጊዜ ሳላውቀው ንባብ ይዤ ነበር። የመድኃኒት ብልቃጥ አነባለሁ፣ የሳሙና ወረቀት አነባለሁ፣ ታፔላ አነባለሁ። ግን ማን ጠየቀኝ? ቀውላላው አሁንም «ቁም» ነው የሚለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ቤታችን መጣ። ወፍራም፣ ደረጃ ሳይወጣ የሚያለከልክ፣ ከአባቴ ጋር በወጣትነት አንድ ማሽን ላይ የሠራ ሰው ነው። ቆዳ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ያቀረበችለትን ሻይ አመስግኖ አልነካውም።

«ጭልፊቱ፣ ሰላም ነህ?»

«እግዜር ይመስገን። ምነው በሰላም?»

«የሙከራው ኅትመት ወጣ።»

«እንዴት ሆነ?»

«መሃሉ ያው እንደ ሁልጊዜህ ነው፤ እንከን የለውም። ዳሩ ግን…» ሰውዬው አንገቱን አሸ። «የመስመሩ ጫፍ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ስህተት ነው። ተሰልፎ። ጸሐፊዋ ስታለቅስ ዋለች። ‹እኔ ብሳሳት እሳቸው ያርሙታል ብዬ እኮ ነው› ትላለች።»

እኔ በርጩማዬ ላይ ቀዘቀዝኩ። ያ ግማሽ ፊደል! ቴሌቪዥኑ የበላው! ያላየሁትን ያልተናገርኩት! ልብ ብዬ ባይ ኖሮ ይታየኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ሰውዬው ይሄን ሁሉ መንገድ ያለከለከው እኔን ለመክሰስ መሰለኝ።

«ሰው ብዙ ያወራል» አለ ኃላፊው። «እኔ አላመንኩም።»

«ምን ይላል ሰው?»

«ይላል እንግዲህ።» ቦርሳውን ከፈተ። አንድ ወረቀት መዘዘ። «እስቲ ያቺን የወንዙን ገጽ ራስህ እያት።»

አባቴ እጁን ዘረጋ። ከወረቀቱ ትንሽ ወደ ጎን ሄዶ ተመልሶ አገኘው። እንደ ድሮው ክንዱን ቀጥ አድርጎ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አነበበ።

«ወንዙ ሞላ። ልጆቹ ማዶ ቀሩ። እናታቸው ከወዲህ ሆና ተጣራች። ድምጿን ግን ውሃው ወሰደው…»

ድምፁ እንዴት ያምር ነበር! የሚቆምበት ይቆማል፣ የሚያነሣበት ያነሣል። ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እናቴ ባዶ ትሪ ይዛ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

እኔ ከበርጩማዬ ሆኜ ወረቀቱን ከፊት ለፊት አያለሁ፤ ብርሃኑ ከጀርባው ሰንጥቆት ሥዕሉ እስከ እኔ ይታያል። ጣሪያ አለ። ጣሪያው ላይ ጅራቷን የጠቀለለች ድመት አለች። ተነሥቼ ጠጋ ብዬ በጎን በኩል አየሁት። ‹ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጣች› ይላል። ወንዝም ልጆችም የሉበትም።

ሰውዬው ወረቀቱን ሆን ብሎ ለውጦት ይሁን፣ ከቦርሳው ሲመዝ ተሳስቶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አንገቱን የደፋበት አኳኋን፣ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ዝም ብሎ ሊሄድ የፈለገ ሰው አኳኋን ይመስለኛል።

እኔ ግን ያ ሁሉ የመስኮት ሰልፍ፣ ያ ሁሉ በርጩማ ይዞ የተመለሰ ጎረቤት ትዝ አለኝ። ይኸው እንግዳ አለ። ይኸው አባቴ በእንግዳ ፊት እየፈተነኝ ነው። ከእስከዛሬው ሁሉ የሚበልጥ ስህተት ተክሎ ‹ታገኘው ይሆን?› እያለ ነው።

«ቁም!» አልኩ።

አባቴ ንባቡን አቆመ።

«የት ጋ?» አለ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ ቀስ ብሎ።

ጣቴን ወረቀቱ ላይ ላሳርፍ ዘረጋሁና የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ።

«ሁሉም ጋ» አልኩት። «አባዬ፣ ይሄ የድመቷ ነው።»

የአባቴ እጅ ወረቀቱ ላይ እየዳበሰ መጥቶ ጣቴን አገኘ፤ ከዚያ ክንዴን፤ ከዚያ ራሴን።

«ጎበዝ» አለኝ። «ጎበዝ ልጄ።» ፊቱን ወደ እንግዳው አዞረ፤ ሰውዬው ካለበት ትንሽ ወደ ቀኝ። «አየህልኝ? አንዲት አታመልጣትም።»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ማን ይስቅልኛል፣ ማን ያጨበጭብልኛል ብዬ ዞር ዞር አልኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ኩሽና ገብታ ነበር። ኃላፊው ጫማውን ያያል። የተሳሳተ ገጽ ይዞ በመምጣቱ ያፈረ መሰለኝ፤ አዘንኩለት።

ቆይቶ ተነሣ። ቴሌቪዥኑ ጋ ሄዶ ጭንቅላቱን መታ መታ አደረገው፤ አባቴ በመጀመሪያው ቀን እንዳደረገው።

«ይሄ ነው ጉድ የሠራን» አለ። «ቴሌቪዥን ዳር ዳሩን ይበላል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ለማተሚያ ቤቱ ልጆችም የቴሌቪዥኑ ጥፋት ነው እላቸዋለሁ። ሌላ ነገር ማንም አይሰማም።»

አባቴ፣ የባዳ ታፔላ ላይ ያለች አንዲት ፊደል እንኳ አላሳልፍም ብሎ መንገድ ላይ የሚቆመው አባቴ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ፣ እንደገና አጣጥፎ፣ መዳፉ ውስጥ ሸሸገው።

«እንደዚያ በልልኝ» አለ።

አባቴ ሰው ሲለምን ሰምቼ አላውቅም ነበር። የለመነው ግን ለእኔ ነው ብዬ ነው የሰማሁት። የእኔን ስህተት በቴሌቪዥኑ ላይ እንዲያላክክልኝ። ያንን ‹በልልኝ› ከነዕዳው ለራሴ ወሰድኩት፤ እናቴ መርፌዋን እስክትሰጠኝ ድረስ አልመለስኩትም። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ባሰ። ‹ቁም› ያለችው የእኔ አፍ መሆኗን ያኔ ነው ያየሁት። ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያመሰገነኝም እሱ ነው። አውቃለሁ። ማወቅ ግን ፊትን አያቀዘቅዝም፤ ይኸው አሁንም ስነግራችሁ ይግለኛል።

ጠጋኙ መጥቶ ገመዱን ነቀለ። መጽሐፉን ሌላ ሰው አረመው። አባቴ ትንሽ ቆይቶ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ በር አጠገብ ተቀምጦ ስልክ ማንሣት። በድምፅ ሰው ይለያል፣ ቁጥር በቃሉ ይይዛል፣ ጥሩ ሠራ ይባላል። ከባልደረቦቹ ጭልፊቱ የሚለው ግን ማንም የለም። ማን እንደከለከላቸው አላውቅም፣ ሁሉም በአንድ ቀን ተዉት።

ድራማው በተመለሰበት የመጀመሪያ ምሽት ቤታችን ሞላ። ሙሽራዋ አግብታ፣ ተፋታ፣ ሌላ ልታገባ ነበር። ቀውላላው ደፉ ላይ ተጋደመ። እትዬ መርፌ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «ታዲያ፣ ልጅቷ ንባብ ያዘች?» አለች።

አባቴ የዚያን ቀን ከኋላ አልተቀመጠም። ወንበሩን ስቦ ከፊት፣ ከእኔ በርጩማ አጠገብ መጥቶ ነበር።

«እሷማ ከእኔ በልጣለች» አለ።

ሁሉም ሳቀ። «ኧረ ቀስ፣ ጭልፊቱን!» አለ አንዱ። እኔም ሳቅሁ። አባቴ ለእኔ ክብር ሲል የቀለደ መሰለኝ።

ፊቱን ወደ መስተዋቱ አድርጎ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ፤ ሰው ሲስቅ ይስቃል፣ ሰው ዝም ሲል ዝም ይላል። ድራማው ሲያበቃ የተዋናዮቹ ስም ከታች ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ጎረቤቱ በርጩማውን እያነሣ ይንጫጫል። ያኔ ጉልበቱ ጀርባዬን ነካ አደረገኝ።

ገባኝ። ወደ ጆሮው ተጠግቼ፣ ማንም እንዳይሰማን፣ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩለት። በእያንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ ስም ግን ረጅም ነበር፤ መጨረሻው ከመስተዋቱ ዳር ተቆርጦ ቀረ። ዝም አልኩ።

«ምነው?» አለኝ።

«ጫፉ ተበልቷል። አይታየኝም።»

ያላየሽውን አትንገሪኝ እስኪለኝ ጠበቅሁ። ስሙ ወደ ላይ ወጣ፣ ሊጠፋ ነው።

«ግድ የለም» አለኝ በሹክሹክታ። «ገምቺው።»